ዛፉን እንሸልም
ፒያሳ አንድ ሱቅ በር ላይ «የክሪስማስ ዲኮሬሽን ገብቷል» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ከሥሩ ቀይ ኳስ፣ የሚያብረቀርቅ ክር፣ በካርቶን የታሸገ የፕላስቲክ ጥድ። ለክሪስማስ ገና አለን፤ የቆጨኝ «ዲኮሬሽን» ነው። ሸለመ እኮ አስጌጠ ማለት ነው! ዛሬ ሽልማት ሲባል ዋንጫና ገንዘብ ይታየናል። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ፣ በዮሐንስ ራእይ፣ አዲሲቱ ኢየሩሳሌም የተመሰለችው ለባሏ በተሸለመች ሙሽራ ነው፤ ተውባ፣ አጊጣ ማለት ነው። ለዕቃው ጌጥ፣ ለሥራው መሸለም ብንል ምን ይጎድለናል? እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1434 ጀምሮ የገና ገበያ የሚቆምባት የጀርመኗ ድሬስደን በመብራት ስትደምቅም «ከተማዋ ተሸለመች» ማለት ያምራል። እኔ ዘንድሮ ልጆቹን የጠራኋቸው «ኑ፣ ዛፉን እንሸልም» ብዬ ነው።