ሰርቨር ሲዛወር የሚቀር ፊደል

ከአርባ ምንጭ ሽቅብ ወደ ጨንቻ የወጣ ሰው የዶርዜን ቤት ሳያይ አይመለስም። በቀርከሃ ተሠርቶ በእንሰት ቅጠል የተሸፈነ፣ ሲያዩት አንገት የሚያስቀና ረጅም ቤት ነው። ይህ ቤት ሁለት ጠባይ አለው። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው ከዓመት ዓመት እያጠረ ይሄዳል። ቦታ መቀየር ካስፈለገ ደግሞ ጎረቤት ተሰብስቦ እንዳለ ተሸክሞ ያዛውረዋል። የኮምፒውተር ሰዎች «ማይግሬሽን» ለሚሉት ጣጣ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ቤቱን ማዛወር ይቻላል። ጥያቄው ስንት ክንድ አጥሮ ይደርሳል ነው።

ጣጣው የትልልቅ ድርጅቶች ብቻ አይደለም። የአባላት መዝገቡን፣ ቃለ ጉባኤውንና የቆዩ ጽሑፎቹን በአንዲት አሮጌ ሰርቨር ላይ ያስቀመጠ የወጣቶች ማኅበርም አይቀርለትም። በዓለም ዙሪያ በብዙ ሰርቨሮች ላይ የኖረው ሴንት ኦኤስ 7 የተባለው የሊኑክስ ዓይነት እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 2024 ድጋፉ ተቋረጠ። ታናሽ ወንድሙ ሴንት ኦኤስ 8 ደግሞ እስከ 2029 ይኖራል ሲባል በ2020 መጨረሻ ላይ ድንገት ተነገረበትና በ2021 ማብቂያ ተሰናበተ። አከራዩ «ልቀቅ» ካለ ተከራይ ዕቃውን መሸከፍ ነው። ወደ ዴቢያን ይሁን ወደ ኡቡንቱ፣ መሄድ ግድ ነው።

ታዲያ ምን ይጠፋል? መልሱን ለማግኘት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል፤ እኛ ኢትዮጵያውያን በዚህ ጉዳይ ታሪክ አለንና።

ዩኒኮድ ከመምጣቱ በፊት የነበረው ዘዴ ብልሃትም ማታለልም ነበረበት። አንድ ፎንት ሊይዝ የሚችለው ቢበዛ 256 ቦታ ነበር። የእኛ ፊደል 33 በ7 ሲባዛ 231 ይሆናል። ዲቃላዎቹ፣ አኃዞቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲጨመሩ አይበቃም። ስለዚህ ፊደሉን ለሁለት ለሦስት ፎንት ከፋፍለው፣ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ አስቀመጡት። «ሀ» ብሎ የጻፈ ሰው ማሽኑ ውስጥ ያስቀመጠው የላቲን ምልክት ነበር፤ «ሀ»ን የሚያለብሳት ፎንቱ ነው። ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈት ልብሱ ይወልቃል፣ አማርኛውም ዝባዝንኬ ይሆናል። ይባስ ብሎ እያንዳንዱ ሶፍትዌር ሠሪ የየራሱ አቀማመጥ ነበረው። በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም።

ከዚህ ችግር ያወጡን በአብዛኛው በትርፍ ሰዓታቸው የሠሩ ሰዎች ናቸው። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ በ1990ዎቹ «ሴራ» የተባለውን፣ ግዕዝን በተራ የላቲን ቁልፎች የመጻፊያ ሥርዓት አዘጋጁ። የዳሸን ኢንጂነሪንጉ ፍስሐ አጥላው ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ እንዲገባ ቀድመው ከተነሱት አንዱ ናቸው። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ 345 የግዕዝ ፊደላትና ምልክቶች የየራሳቸውን ቋሚ ቁጥር አገኙ። በ2007 ዊንዶውስ ቪስታ «ኒያላ» የተባለ ፎንትና የአማርኛ ኪቦርድ ይዞ መጣ። «አበበ በሶ በላ» ያለ ምንም ልመና ስክሪን ላይ ታየ፤ እኛም ነገሩ አለቀ አልን።

ግን ለማን ነው ያለቀው?

የ1999ኙ ሰንጠረዥ አማርኛን፣ ግዕዝንና ትግርኛን አስተናግዷል። በዚሁ ፊደል ሊጻፉ የሚፈልጉ፣ አማርኛ የሌለው ድምፅ ያላቸው ቋንቋዎች ግን በር ላይ ቀሩ። ለሰባት ቤት ጉራጌ፣ ለብሊንና ለምዕን የሚያስፈልጉት ፊደላት የገቡት በ2005 ነው። የጋሞ፣ ጎፋና ዳውሮ ፊደላት ደግሞ ከባስኬቶና ከጉሙዝ ጋር እስከ 2010 ጠበቁ። በዩኒኮድ 6.0 በአዲስ ክፍል የገቡት 32 ፊደላት ናቸው። ከአማርኛው 11 ዓመት ዘግይተው መሆኑ ነው።

ጋሞኛ በትምህርት ቤት በላቲን ሲጻፍ ስለቆየ «ታዲያ ምን ቸገረን?» የሚል አይጠፋም። የቸገረን የቆየው ጽሑፍ ነው። ከ2010 በፊት እነዚህን ፊደላት የፈለገ ሰው ያለው አማራጭ ተቀራራቢ ፊደል መዋስ፣ አለዚያም በልዩ ፎንት ውስጥ በግል ቁጥር ማስቀመጥ ነበር። የግል ቁጥር ደግሞ እንደ ቤት ውስጥ ቅጽል ስም ነው፤ ከሰፈር ውጭ የሚያውቀው የለም። ሰርቨሩ ሲዛወር ፋይሉ ይገለበጣል፣ መጠኑም ልክ ይሆናል፤ ሲከፈት ግን በፊደሉ ቦታ ባዶ ሳጥን ተደርድሮ ይገኛል። አማርኛውን ብቻ ያየ ባለሙያ «ሁሉም ተሳክቷል» ብሎ ይፈርማል።

ስለዚህ ለማዛወር ያቀደ የአርባ ምንጭ ማኅበር ከማሽኑ በፊት ጽሑፉን ይቁጠር። የትኛው ፋይል በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ ይመዝግብ፤ ፎንቶቹንም አብሮ ይቅዳ። ዳታቤዙ በምን የፊደል ሥርዓት እንደተቀመጠ ይይ፤ ከ2018ቱ ስሪት በፊት የነበረው ማይኤስኪውኤል ካልታዘዘ በቀር የላቲን ሥርዓት ይዞ ስለሚነሳ፣ ዝም ብሎ መገልበጥ አማርኛውን የጥያቄ ምልክት ሰልፍ ሊያደርገው ይችላል። መጠባበቂያ ቅጂ ተቀድቶ ስለተቀመጠ ብቻ አይታመንም፤ በሌላ ማሽን ላይ ተከፍቶ ይነበብ። አዲሱ ሊኑክስ ላይ «አቢሲኒካ»ን የመሰለ፣ የደቡብ ፊደላትንም የያዘ ፎንት ይጫን። ቀኑ ሲቆረጥ የመስቀል ሰሞን ይቅር፤ በጋሞ ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ወደ አገር ቤት ነው፣ ሰርቨር የሚጠብቅ አይገኝም። አሮጌው ማሽንም ቢያንስ ለጥቂት ወራት አይጣል።

ከሁሉም በላይ ግን መሞከሪያው «አበበ በሶ በላ» ብቻ አይሁን። ጋሞኛ አንብቦ የሚያድግ ልጅም፣ ጋሞኛ ጽፈው ያረጁ አባትም ስክሪኑ ፊት ይቀመጡና ያንብቡ። የ1999ኙ ሰንጠረዥ የዘነጋውን ፊደል ለማስገባት 11 ዓመት ፈጅቷል። አንድ ማኅበር በአንድ ሌሊት ዝውውር የሚያጠፋውን ጽሑፍ ግን የሚመልስለት ዩኒኮድ የለም።