በሀዋሳ ለመንቀሳቀስ የሚቸገሩ ታካሚዎች የሕክምና አገልግሎት ተደራሽነት

የሲዳማ ክልል ርዕሰ ከተማ ሀዋሳ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ፣ በሐይቅ ዳርቻ በሚገኝ ሜዳማ ሥፍራ የተቆረቆረች ናት። በተሽከርካሪ ወንበር ወይም በክራንች ለሚንቀሳቀስ ነዋሪ ዳገት ከበዛባቸው ከተሞች ይልቅ ትመቻለች። ይሁንና የመንገዱ ሜዳነት ብቻውን ታካሚውን ከሐኪም ፊት አያደርሰውም።

ታካሚው ከጤና ጣቢያ ወደ አጠቃላይ ሆስፒታል፣ ሕመሙ ከጠና ደግሞ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ አገልግሎት ወደሚሰጠው የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል በሪፈር ይላካል። እያንዳንዱ ጉዞ አብዛኛውን ጊዜ በባጃጅ ነው። የሚታጠፍ ወንበር ከኋላ ሊታሰር ይችላል፤ በእጅ የሚዘወረው ባለሦስት እግር ግን አይታጠፍም። በዚህም ምክንያት ታካሚው የሚደግፈው ወይም የሚሸከመው ሰው ይዞ ለመሄድ ይገደዳል። አስታማሚው ከሥራው የቀረበት ቀን በሕክምና ደረሰኝ ላይ ባይሰፍርም ከወጪው አንዱ ነው።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በአንቀጽ 36፣ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች በተሽከርካሪ ወንበር ለሚጠቀሙም ሆነ መራመድ እየቻሉ ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች አመቺ መግቢያና መጸዳጃ ቤት እንዲኖራቸው ደንግጓል። በዓለም አቀፍ ደረጃ በተለመደው የአንድ ለአሥራ ሁለት ልኬት መሠረት ደጃፉ 50 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ካለው መወጣጫው 6 ሜትር ርዝመት ሊኖረው ይገባል። አጭርና ቀጥ ያለ መወጣጫ በርክክብ ሰነድ ላይ «ተሠርቷል» ተብሎ ቢመዘገብም ወንበሩን ወደኋላ ከመገልበጥ አያድንም።

ከመግቢያው ይልቅ አሳሳቢ የሚሆነው የምርመራ ክፍሉ ነው። ከፍታው የማይስተካከል አልጋ ላይ ታካሚውን የሚያወጣ ረዳት ሲጠፋ፣ ምርመራው ልብሱን ሳያወልቅ ከነወንበሩ ይጠናቀቃል። የአከርካሪ ጉዳት የደረሰበት ሰው ከወገቡ በታች ሕመም ላይሰማው ስለሚችል በመቀመጫው ላይ የተፈጠረን ቁስል ራሱ ላያውቀው ይችላል። ይህ ቁስል ገና ቆዳው ሲቀላ ከታየ ጫናውን በማንሳት ይድናል፤ ሳይታይ ቆይቶ አጥንት ከደረሰ ግን ደምን በመመረዝ ለሞት ይዳርጋል። ለመጸዳጃ ሲባል ውኃ ከመጠጣት የሚታቀቡ ታካሚዎችም ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይጋለጣሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት አንዳንድ አካል ጉዳተኞች ከሌሎች ሰዎች እስከ 20 ዓመት ቀድመው እንደሚሞቱ አመልክቷል።

ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 25፣ የጤና አገልግሎት በተቻለ መጠን ለመኖሪያ አካባቢ ቅርብ እንዲሆን ይጠይቃል። ቤት ለቤት የሚሠሩት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ለዚህ የተመቹ ናቸው። ከቤት የማይወጡ ሰዎችን ስም በቀበሌው መዝግቦ መያዝ፣ ቆዳቸውን ማየትና ቀጠሮአቸውን ካርድ ክፍሉ፣ ላቦራቶሪውና መድኃኒት ቤቱ በአንድ ቀን እንዲያስተናግዷቸው ማመቻቸት አዲስ ሕንፃ አይጠይቅም። የምርመራ አልጋ ግዢ ሲፈጸም ግን ዝቅ የሚል አልጋ በጨረታ ሰነዱ ዝርዝር መግለጫ ላይ ካልሰፈረ አቅራቢው የተለመደውን ያስረክባል።