የቡሽ ኦክ
የቡሽ ኦክ ከፖርቱጋልና ከስፔን እስከ ሞሮኮና ቱኒዚያ ባለው ምዕራባዊ ሜድትራኒያን የሚበቅል፣ ቅጠሉ የማይረግፍ ዛፍ ነው። ከዓለም ቡሽ ግማሽ ያህሉ የፖርቱጋል ምርት ነው። ዛፉ አይቆረጥም፤ በሞቃታማዎቹ ወራት ቡሽ የሚሆነው ቅርፊቱ በመጥረቢያ ይላጣል፣ የዓመቱ የመጨረሻ አኃዝ ግንዱ ላይ ይጻፋል፣ ከዚያ ቢያንስ 9 ዓመት ይጠበቃል። መጀመሪያ የሚላጠው 25 ዓመት ገደማ ሲሞላው ነው፤ ለወይን ጠጅ ጠርሙስ የሚበቃ ቡሽ ግን የሚገኘው ሦስተኛ ጊዜ ሲላጥ ነው። ተካዩ ትርፉን ለልጆቹ ያወርሳል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ደኑን ድርቅ፣ እሳትና ሥር የሚያበሰብሰው ፋይቶፍቶራ የተባለ ተዋሲ እያሳሱት ነው። ፕላስቲክና የብረት ክዳን የቡሹን ገበያ ሲሻሙ ባለመሬቱ ደኑን የሚጠብቅበት ምክንያት ይቀንሳል። በሞሮኮው ማሞራ ደን ደግሞ ከብት ቡቃያውን ይግጣል፣ ሰውም ፍሬውን ለምግብ ይለቅማል፤ አሮጌው ዛፍ ተተኪ ያጣል።