«ትመለሳለህ ወይ?» ፦ የጊዜያዊ ቪዛ ፊደላት ታሪክ

በእኛ ዘንድ ቪዛ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የቀናው ያገኘዋል፣ ያልቀናው ይቀርበታል። «እገሌ ቪዛ ተመታለት» ከተባለ በኋላ «ምን ዓይነት ቪዛ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙም አላጋጠመኝም። የአሜሪካ ሕግ ግን በዚያች ወረቀት ላይ የሰፈረችውን አንዲት ፊደል አጥብቆ ይመለከታል። ሰውዬው መሥራት መቻል አለመቻሉ፣ የትዳር ጓደኛው መከተል አለመከተሏ፣ አገሩ የመመለስ ሐሳብ እንዳለው ማስረዳት ይኖርበት እንደሆነ የሚወሰነው በፊደሏ ነው። እያንዳንዷ ፊደል የገባችበት ዓመትና ያስገባት ጉዳይ አላት። ታሪኩን ያላወቀ መንገደኛ ደግሞ የሚጠየቀውን ጥያቄ ምንነት በውል አይረዳም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አሜሪካ በ1924 ባወጣችው ሕግ ለመኖር የሚመጣውን ሰው ቁጥር በየአገሩ በኮታ ወሰነች። ለኢትዮጵያ የደረሳት ድርሻ በዓመት 100 ሰው ነበር። ኮታ ካለ ደግሞ ኮታው የማይመለከተው ማን እንደሆነ መለየት ግድ ነው። በመሆኑም ሕጉ የመንግሥት ባለሥልጣናትን፣ ጎብኚዎችን፣ አላፊ መንገደኞችንና መርከበኞችን «ኢሚግራንት ያልሆኑ» ብሎ ለብቻ አስቀመጣቸው። የሚገርመው ተማሪው በዚህ ዝርዝር ውስጥ አለመካተቱ ነው፤ ያን ጊዜ ተማሪ የሚቆጠረው ኮታ እንደማይነካው ኢሚግራንት ነበር።

ዛሬ የምናውቃቸው ፊደላት የመጡት በ1952 ነው። ፕሬዚዳንት ትሩማን አልፈርምም ብለው የመለሱትን ሕግ ኮንግረሱ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ አጸደቀው። ፊደላቱ ምንም ምስጢር የላቸውም፤ የአንድ አንቀጽ ንዑስ ክፍሎች መለያዎች ናቸው። ኤ ለዲፕሎማት፣ ቢ ለጎብኚና ለንግድ ጉዳይ ለሚመጣ፣ ሲ ለአላፊ መንገደኛ፣ ዲ ለመርከብና ለአውሮፕላን ሠራተኛ፣ ኢ አገሩ የንግድ ውል ላላት ነጋዴ፣ ኤፍ ለተማሪ፣ ጂ ለዓለም አቀፍ ድርጅት ባልደረባ፣ ኤች ለጊዜያዊ ሠራተኛ፣ አይ ለጋዜጠኛ ተሰጡ። ተማሪው ከኢሚግራንትነት ወጥቶ «ተምሮ የሚመለስ» የተባለው በዚህ ጊዜ ነው።

ከፊደላቱ ይልቅ የብዙ ሰው ዕድል የተንጠለጠለው በዚሁ ሕግ ቁጥር 214(ቢ) ላይ ነው። ድንጋጌው ቪዛ ጠያቂ ሁሉ ተቃራኒውን እስኪያስረዳ ድረስ ለመቅረት እንዳሰበ ይገመታል ይላል። በወንጀል ችሎት የማስረዳት ሸክም የከሳሽ ነው፤ በቆንስላው መስኮት ፊት ግን ሸክሙ የአመልካቹ ነው። የቤት ካርታው፣ የባንክ ደብተሩ፣ የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ሁሉ የሚቀርበው «ትመለሳለህ ወይ?» ለሚለው ለዚህ አንድ ጥያቄ መልስ እንዲሆን ነው።

ሆኖም ጥያቄው ለሁሉም እኩል አይቀርብም። መንግሥት ጉልበት ወይም ዕውቀት ሲፈልግ በሩን ያሰፋል፣ ፍላጎቱ ሲያበቃ ያጠብባል። በጦርነቱ ዘመን በ1942 የተጀመረውና እስከ 1964 የዘለቀው «ብራሴሮ» የተባለው መርሐ ግብር የሜክሲኮ ገበሬዎችን ከአራት ሚሊዮን በሚበልጡ የሥራ ውሎች ወደ አሜሪካ እርሻዎች አስገብቷል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከደመወዛቸው 10 በመቶ «ስትመለሱ ይሰጣችኋል» ተብሎ ይቆረጥ ነበር፤ ብዙዎቹ ግን ገንዘቡን ሳያገኙ ቀርተዋል። በ1961 ጄ ለትምህርትና ለባህል ልውውጥ፣ በ1970 ኤል ኩባንያዎች ከአገር ወደ አገር ለሚያዛውሯቸው ሠራተኞች ተጨመሩ። በ1990 ኤች-1ቢ በዓመት 65,000 ጣሪያ ተፈጠረ። ይኸው የ1990 ሕግ ለኤች-1ቢና ለኤል ባለቤቶች ከቁጥር 214(ቢ) ግምት ነጻነት ሰጣቸው፤ ለዘለቄታው የመኖር ሐሳብ ቢኖራቸውም አይከለከሉም። ተማሪውና ጎብኚው ግን ያው ከጥርጣሬው አልወጡም። ይህም ቢሆን ዋስትና አይደለም፤ በመስከረም 2025 በፕሬዚዳንት ትራምፕ አዋጅ በአዳዲስ የኤች-1ቢ ማመልከቻዎች ላይ የ100,000 ዶላር ክፍያ ተጥሏል።

እኛ በዚህ ታሪክ ውስጥ የገባነው በዋናነት በኤፍ ፊደል ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ወደ አሜሪካ ከተላኩት ተማሪዎች አብዛኞቹ ተመልሰዋል፤ አገር ቤት ሥራና ማዕረግ ይጠብቃቸው ነበርና። በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያ ተማሪዎች ማኅበር ስብሰባዎች ላይ ሌሊቱን ሙሉ ይከራከሩ የነበሩት ወጣቶችም የሚከራከሩት ሲመለሱ ስለሚለውጧት አገር ነበር። ስለዚህ በቆንስላው ፊት «እመለሳለሁ» ሲሉ እውነታቸውን ነበር ማለት እችላለሁ። ቃሉን ያፈረሰው የ1974ቱ አብዮትና እርሱን የተከተለው ቀይ ሽብር ነው። ሰዎቹ ያሉበትን ሳይለቁ የሚመለሱባት አገር ከእጃቸው ወጣች።

የአሜሪካ መንግሥት ለዚህ ሁኔታ ፊደል አልነበረውም። በሐምሌ 1977 ለኢትዮጵያውያን «የተራዘመ በፈቃድ የመውጫ ጊዜ» የሚል እፎይታ ሰጠ፤ ትርጉሙም «ለጊዜው አናስወጣችሁም» ከማለት አያልፍም። የስደተኞች ሕግ የወጣው በ1980 ነው። በ1987 መጨረሻ ደግሞ የኢትዮጵያን ጨምሮ እፎይታው የተሰጣቸው አገሮች ዜጎች፣ ከሐምሌ 1984 በፊት የገቡ ከሆነ፣ ሕጋዊ ነዋሪ የሚሆኑበት መንገድ ተከፈተ። እንዲህ ያለው እፎይታ በ1990 «ጊዜያዊ ከለላ» በሚል ስም በሕግ ተደነገገ። ኢትዮጵያ በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት በ2022 በዚህ ከለላ ሥር ገባች፤ ከለላው በ2024 ተራዘመ፤ በታኅሣሥ 2025 መንግሥት እንዲያበቃ መወሰኑን አስታወቀ።

ዛሬ ለሚሄደው ወገኔ አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። ቪዛው በር ማንኳኪያ እንጂ መቆያ አይደለም፤ የመቆያውን ቀን የሚወስነው በመግቢያው ላይ ያለው መኮንን ነው። በሐምሌ 2025 ለኢትዮጵያውያን የሚሰጡት አብዛኞቹ ጊዜያዊ ቪዛዎች አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገቡና ለሦስት ወር የሚጸኑ እንዲሆኑ ሲወሰን፣ ብዙዎች «ሦስት ወር ብቻ ነው የሚያስቀምጡት» ብለው ተረድተውታል። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይህን አለመለየት ዋጋ ያስከፍላል፤ በ1996 በወጣው ሕግ መሠረት ጊዜው አልፎበት ከ180 ቀን በላይ ቆይቶ የወጣ ሰው ለሦስት ዓመት፣ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየ ደግሞ ለ10 ዓመት ተመልሶ እንዳይገባ ይታገዳል።

የቆንስላው ሹም «ትመለሳለህ ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው ወጣቱን ነው፤ ከመልሱ ግማሹ ግን ያለው በወጣቱ እጅ አይደለም። ጥያቄው ሥራ ላልፈጠሩለት፣ ሰላም ላልሰጡት፣ የሚመለስበትን ቤት በጦርነት ላፈረሱበት ገዢዎችም የሚቀርብ ነው። ለሰባ ዓመታት ያህል ልጆቻችን ለብቻቸው ሲመልሱት ኖረዋል፤ አሁን ደግሞ እኛ ገዢዎቻችንን እንጠይቅ እላለሁ።

ቸር እንሰንብት።