የኬላው ቀረጥ በማን ላይ ይውደቅ?
በአሜሪካ የሕክምና ክፍያ ጥያቄዎች በኤሌክትሮኒክ መንገድ ስለ መተላለፋቸው አጭር ታሪካዊ ቅኝት

ሐኪም በሽተኛውን መርምሮ መድኃኒት ካዘዘ በኋላ ሥራው የተፈጸመ ይመስላል። የጤና መድን በተስፋፋበት አገር ግን ሌላ ሥራ ይከተላል። የተሰጠው ሕክምና በዝርዝር ተጽፎ፣ የበሽታውና የሕክምናው መለያ ቁጥር ተሞልቶበት፣ የክፍያ ጥያቄ ሆኖ መድን ሰጪው ዘንድ መድረስ ይኖርበታል። ጥያቄው የሚጓዝበት መንገድ ደግሞ ወጪ አለው። ወጪውን ማን ይሸከም የሚለው ጉዳይ በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲያከራክር ቆይቷል። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ እንደሚባለው፣ የክርክሩን አመጣጥ ከመነሻው መከተል ይበጃል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በጁላይ 30 ቀን 1965 ለአረጋውያን ሕክምና ክፍያ የሚውለውን የሜዲኬርን ሕግ በፈረሙ ጊዜ፣ መንግሥት የክፍያ ጥያቄዎችን የመቀበሉን ሥራ እንደ ብሉ ክሮስ ላሉ የግል ተቋማት በውል ሰጠ። የእነዚህም ተቋማት የአስተዳደር ወጪ ከፕሮግራሙ ገንዘብ ይሸፈን ነበር። ሐኪሙና ሆስፒታሉ የጸሐፊያቸውን ደመወዝና የፖስታውን ዋጋ ይችላሉ፤ ከፋዩም ጥያቄውን ተቀብሎ ለሚመረምርበት ቢሮ ይከፍላል። ፖስታ ቤቱ ለሁሉም በአንድ ዋጋ ስለሚያገለግል ወሰኑ ግልጽ ነበር፤ እያንዳንዱ የየደጁን ወጪ ይሸፍናል።

ኮምፒዩተር ሲመጣ ይህ ወሰን ተናጋ። እያንዳንዱ መድን ሰጪ የራሱን የመረጃ አቀራረብ ስላወጣ፣ በ1990ዎቹ ዓመታት በአገሪቱ ውስጥ 400 ያህል የተለያዩ የኤሌክትሮኒክ ጥያቄ ቅርጾች ይሠራባቸው ነበር። አንድ ሐኪም ይህን ሁሉ ሊያሟላ አይችልም። ስለዚህ በመካከል አቀባባይ ድርጅቶች ተነሡ። ሥራቸውም ከሐኪሙ ጥያቄውን በአንድ ቅርጽ ተቀብለው ለየመድን ሰጪው በሚስማማው ቅርጽ እየለወጡ ማስተላለፍ ነው። በድሮ ዘመን ነጋዴ በየኬላው ቀረጥ እየከፈለ እንደሚያልፍ ሁሉ፣ የሕክምናም ሒሳብ ኬላ ተተከለለት።

የጤናና የሰብዓዊ አገልግሎት ሚኒስትር የነበሩት ሉዊስ ሱሊቫን በ1991 መድን ሰጪዎችንና የሕክምና ተቋማትን ለምክክር ከጠሩ በኋላ፣ አንድ ወጥ ቅርጽ ቢኖር ወጪው ይቀንሳል የሚለው አሳብ ተጠናከረ። ይኸው አሳብ ፕሬዚዳንት ክሊንተን በኦገስት 21 ቀን 1996 በፈረሙትና ሂፓ በሚባለው ሕግ ውስጥ ገባ። ሕጉ የሚወጣው ደረጃ ሁሉ የአስተዳደርን ወጪ ለመቀነስ የሚያገለግል እንዲሆን አዘዘ፤ መድን ሰጪም በደረጃው መሠረት የቀረበለትን ጥያቄ አልቀበልም እንዳይል ወይም እንዳያጓትት ከለከለ። በኦገስት 2000 የወጣው ማስፈጸሚያ ደንብም ስለ ዋጋው ተናገረ። መድን ሰጪው ራሱ አቀባባይ ከሆነ፣ ወይም ሐኪሙ በአቀባባይ በኩል እንዲልክ ካስገደደ፣ በቀጥታ ቢላክ ኖሮ ከሚያስፈልገው መደበኛ የመገናኛ ወጪ በላይ ማስከፈል አይችልም። ቀጥሎም በ2001 በወጣ ሕግ፣ ከኦክቶበር 16 ቀን 2003 ጀምሮ፣ ከአነስተኛ ተቋማትና ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ለሜዲኬር በወረቀት ጥያቄ ማቅረብ ቀረ።

እንግዲህ ሕጉ በኬላው ላይ ገደብ ያበጀ ይመስላል። ይሁን እንጂ ገደቡ የሚሠራው መድን ሰጪው ሲያስገድድ ነው። ከብዙ መድን ሰጪዎች ጋር የሚሠራ ሐኪም ከእያንዳንዱ ጋር የራሱን መስመር መዘርጋት ስለማይችል፣ ማንም ሳያስገድደው ከአቀባባይ ጋር ይዋዋላል። በወረቀት ላይ ፈቃደኛ ነው፤ በተግባር ግን ሌላ መውጫ የለውም። ቀረጡም በመመለሻው መንገድ ተጨመረ። ከጃንዋሪ 2014 ጀምሮ ለኤሌክትሮኒክ የባንክ ክፍያ ወጥ ሥርዓት ቢወጣም፣ አንዳንድ ከፋዮች ወይም ወኪሎቻቸው ከሚያስተላልፉት ገንዘብ ላይ በመቶኛ ይቀንሳሉ፤ ወይም ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል የክሬዲት ካርድ ቁጥር ይልካሉ። በዚህም ሐኪሙ ለሠራበት ዋጋ እስከ 5 በመቶ የሚደርስ ኪሣራ ሊደርስበት ይችላል።

መድን ሰጪዎችም መከራከሪያ አላቸው። ሐኪሙ የወረቀትና የጸሐፊ ወጪ ይቀንስለታል፣ ገንዘቡም ይፈጥንለታል፤ ስለዚህ ተጠቃሚው ይክፈል ይላሉ። ወጪው በእኛ ላይ ቢወድቅም መልሶ በመድን ከፋዩ ሕዝብ ላይ ያርፋል ሲሉም ያክላሉ። ይህ አባባል እውነትነት አለው። ዳሩ ግን መድን ሰጪውም ከዚያው መንገድ ይጠቀማል፤ በእጅ ይመዘግብ የነበረው መረጃ ተዘጋጅቶ ይደርሰዋል። ሁለቱ ተጠቅመው አንዱ ብቻ ሲከፍል የዋጋው ምክንያት አገልግሎቱ መሆኑ ቀርቶ ጉልበት ይሆናል።

ይህም በፌብሩዋሪ 2024 ጎልቶ ታየ። በዓመት 15 ቢሊዮን ያህል ልውውጥ የሚያስተላልፈውና ዩናይትድኸልዝ የተባለው ታላቅ ኩባንያ፣ ማለትም የአንድ ግዙፍ መድን ሰጪ ባለቤት፣ በ2022 የገዛው ቼንጅ ኸልዝኬር የተባለ አቀባባይ በኮምፒዩተር ሰርጎ ገቦች ተመታ። 22 ሚሊዮን ዶላር ቤዛ ተከፈለ፤ የ190 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መረጃ ተነካ። የክፍያ ጥያቄዎች ለሳምንታት በመቆማቸው ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች ገንዘብ አጡ። ኩባንያው ከ9 ቢሊዮን ዶላር በላይ ያለ ወለድ አበደረ፤ ብድር ግን መመለስ ያለበት ነው። በደኅናው ቀን ቀረጥ የሚከፍለው ሐኪም፣ ኬላው በተዘጋም ቀን ጉዳቱን ተሸከመ።

ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት የቀድሞው ወሰን መመለስ እንዳለበት ነው። ሐኪሙ እስከ ራሱ ደጅ ያለውን ወጪ፣ ማለትም የመሣሪያውንና የሠራተኛውን ይቻል፤ ከደጁ ወዲያ ያለውን መንገድ ቅርጹን የሚወስነው ከፋይ ይቻል። አንድ መቶ ዶላርም ሆነ አንድ ሺህ ዶላር ለማስተላለፍ ድካሙ ያው ስለሆነ፣ በመቶኛ የሚወሰድ ቀረጥ ይቅር።

በአገራችንም በ2011 በ13 ወረዳዎች የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ወደ ብዙ ወረዳዎች ተስፋፍቷል። ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ለሰጡት አገልግሎት ክፍያ ይጠይቃሉ፤ ነገ የጥያቄው መንገድ ኮምፒዩተር መሆኑ አይቀርም። በሙያው ያለን ሰዎች የመንገዱ ወጪ የማን እንደሆነ በሕግ ተጽፎ እንዲቀመጥ መጠየቅ የሚገባን መንገዱ ከመዘርጋቱ በፊት ነው። ኬላ አንዴ ከተተከለ በኋላ ማስነሣቱ ምን ያህል እንደሚከብድ የአሜሪካ ባልደረቦቻችን ታሪክ ይመሰክራል።