ጣሪያ የነካው ዘፈን፦ ከሸክላ እስከ ኤምፒስሪ

ከሜክሲኮ ወደ ልደታ በሚወስድ ሚኒባስ የተሳፈረ ሁሉ ይኼን ያውቀዋል። ሹፌሩ የጥላሁንን የድሮ ዘፈን ከፍላሽ ያጫውታል፤ ቀጥሎ አዲስ ነጠላ ዜማ ሲገባ ስፒከሩ ይጮኻል፤ እጁም ድምፅ ለመቀነስ ይሮጣል። «የድሮ ቅጂ ደካማ ስለሆነ ነው» የሚል ተሳፋሪ አይጠፋም። ታሪኩ ግን የተገላቢጦሽ ነው።

ነገሩ ከሸክላ ይጀምራል። አምሃ እሸቴ በ1969 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) አምሃ ሪከርድስን ሲያቋቁም፣ ሸክላ የማሳተም መብት በንጉሠ ነገሥቱ ትዕዛዝ ለሀገር ፍቅር የተሰጠ ነበር። ወጣቱ ግን ደፍሮ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን ህንድ አሳትሞ አመጣ። በሸክላ ላይ ዘፈን ማለት መርፌ የሚሄድበት ቀጭን ቦይ ነው። ድምፁ ከልክ ሲያልፍ ቦዩ ይሰፋል፣ ቦታ ይጨርሳል፣ መርፌውም ይዘላል። ስለዚህ ቀራጩ ወደደም ጠላም ልኩን ይጠብቃል።

አምሃ በ1975 አገር ጥሎ ሲወጣ ዘመኑ የካሴት እየሆነ ነበር። ካሴት ሽሽ የሚል ድምፅ ቢኖረውም ይቅር ባይ ነው፤ ድምፅ ሲበዛበት ጫፉን ያለሰልሰዋል እንጂ ባንዴ አይቆርጠውም።

በ1982 ሲዲ መጣ። ሲዲ ድምፅን በቁጥር ይጽፋል፤ በሰከንድ 44,100 ጊዜ ከ−32,768 እስከ 32,767 ካሉት ቁጥሮች አንዱን ይመዘግባል። ከዚያ በላይ ቁጥር የለም! የሳክስፎኑ ድምፅ ጣሪያውን ሲያልፍ ጫፉ ተቆርጦ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ጆሮም ስንጥቅጥቅ ያለ ድምፅ ይሰማል። ክሊፒንግ የሚባለው ይኼ ነው።

ጮክ ያለ ዘፈን ለጊዜው ጆሮ ስለሚስብ፣ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ስቱዲዮዎች እየተሽቀዳደሙ ሁሉንም ድምፅ ወደ ጣሪያው ገፉት። በ2008 የሜታሊካ አድናቂዎች ሳይቀሩ «አልበሙ ተቆራርጧል፣ እንደገና ይስተካከል» ብለው ፊርማ አሰባሰቡ። ኤምፒስሪ ደግሞ ጭማሪ ጣጣ አመጣ፤ ጣሪያ የነካ ዘፈን ተጨምቆ ሲፈታ ጫፉ ከመጀመሪያው ከፍ ሊል ይችላል።

መፍትሔም ተገኝቷል። በ2001 ዴቪድ ሮቢንሰን ሪፕሌይጌይን የተባለውን ዘዴ አቀረበ። ፕሮግራሙ የዘፈኑን ጩኸትና ከፍተኛ ጫፍ ለክቶ ፋይሉ ላይ ማስታወሻ ይጽፋል፤ ማጫወቻው ያንን አንብቦ ድምፁን ልክ ያደርጋል፣ ጣሪያም እንዳይነካ ይጠብቃል። ዘፈኑ ራሱ አይነካም። በ2006 ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የጩኸት መለኪያ አወጣ፤ በ2010 የአውሮፓ ብሮድካስተሮች በዚያ መለኪያ −23ን ልካቸው አደረጉ።

ታዲያ ለእኛ ምናችን ነው? ብዙ ነው። የአባቶቻችን ዘፈን ዛሬም ከሸክላና ከካሴት ወደ ኮምፒውተር እየተገለበጠ ነው። ገልባጩ «ሞቅ ይበል» ብሎ ቀይ መብራቱ እስኪበራ ከገፋው፣ ሸክላው የጠበቀውን፣ ካሴቱም ይቅር ያለውን ጫፍ ዲጂታሉ ይቆርጠዋል። ሪፕሌይጌይንም ቢሆን የተቆረጠውን አይመልስም፤ የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። በዝቅታ የተቀዳን ዘፈን ግን የልጅ ልጅም ከፍ አድርጎ ሊሰማው ይችላል።

ስለዚህ ውድ አንባቢ፣ የቤትዎን ካሴት ሲገለብጡ ከጣሪያው በታች ትንሽ ቦታ ይተዉለት። ሞቅታውን ለስፒከሩ ይተዉት።