ሳይሞላ የሚሄድ መኪና

ገለጉ መናኸሪያ በጠዋት ብትደርሱ «መኪናው ስንት ሰዓት ይወጣል?» ብላችሁ አትጠይቁም። የሚጠየቀው «ስንት ሰው ቀረው?» ነው። ረዳቱም «ሁለት ሰው! ሁለት ሰው ብቻ!» ይላችኋል። ገብታችሁ ስትቀመጡ ግን ሁለቱ ሰው አምስት ይሆናል፤ ቀድመው ተቀምጠው ያያችኋቸው ሦስቱ ተሳፋሪዎች የረዳቱ ጓደኞች ነበሩና ወርደው ይሄዳሉ።

ዩኒቨርሲቲ ተመድቤ መጀመሪያ ወደ አዲስ አበባ ስጓዝ፣ ከገለጉ ገንዳ ውኃ የሚያደርሰኝ መኪና እስኪሞላ ሁለት ሰዓት ተኩል ጠብቄያለሁ። ከዚያ በአይከልና በአዘዞ አልፌ ጎንደር አደርኩ። በነጋታው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ተሳፍሬ አዲስ አበባ ገባሁ። ትልቅ ከተማ ነውና ሌላ ሥርዓት ጠብቄ ነበር። መጀመሪያ የሰማሁት ድምፅ ግን የሚኒባስ ታክሲ ረዳት ነው፦ «ሁለት ሰው! ሁለት ሰው!»

የሕዝብ ትራንስፖርት ታሪክ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚወራው ስለ ሞተር ነው፦ ፈረስ፣ እንፋሎት፣ ነዳጅ፣ ኤሌክትሪክ። እኔ ምሕንድስና ብማርም ትልቁ ፈጠራ ሞተሩ አይመስለኝም። ትልቁ ፈጠራ አንድ ሰው «ሞላም አልሞላም ይሂድ» ብሎ የወሰነበት ቀን ነው። ደግሞም ቀኑ ይታወቃል።

እ.ኤ.አ. መጋቢት 18 ቀን 1662 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 1654 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ጎንደር ላይ አፄ ፋሲል በዙፋናቸው ነበሩ። ቦታው ፓሪስ ነው፤ ሐሳቡን ያፈለቀው ደግሞ ብሌዝ ፓስካል። አዎ፣ በፊዚክስ ክፍል የግፊት መለኪያ ሆኖ የምታውቁት ፓስካል ራሱ። በዚያ ዘመን ፓሪስ ውስጥ ሀብታም የራሱ ሠረገላ አለው፣ ገንዘብ ያለው ይከራያል፣ ሌላው በጭቃ ውስጥ በእግሩ ይሄዳል። ፓስካልና ባለ ማዕረግ ጓደኞቹ ከንጉሡ ፈቃድ አግኝተው በፈረስ የሚጎተቱ፣ ስምንት ሰው የሚይዙ ሠረገላዎችን አሰማሩ። መንገዳቸው የታወቀ ነው፤ ዋጋው ለሁሉም እኩል 5 ሶል ነው። ከሁሉም በላይ ሠረገላው የሚነሣው በተወሰነ ሰዓት ነው፤ አንድ ሰው ቢኖርም፣ ባዶም ቢሆን።

ይህ ለምን ትልቅ ነገር ሆነ? እስቲ እንደ ገለጉ አድርገን እናስላው። መናኸሪያው ላይ በየ3 ደቂቃው አንድ ተሳፋሪ ይመጣል እንበል። 12 ሰው የሚይዝ ሚኒባስ ካለ፣ መጀመሪያ የመጣው 33 ደቂቃ ይጠብቃል፤ መጨረሻ የመጣው ምንም አይጠብቅም። አማካዩ 16 ደቂቃ ተኩል ነው። አሁን በሚኒባሱ ቦታ 60 ሰው የሚይዝ አውቶቡስ አቁሙ። የመጀመሪያው ሰው ሦስት ሰዓት ሊሞላ 3 ደቂቃ እስኪቀረው ይቀመጣል፤ አማካዩም ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ይጠጋል። ትልቅ መኪና አመጣን ብለን ሰውን አስቀመጥነው ማለት ነው። የገበያ ቀን ከሆነና በየ20 ሴኮንዱ ሰው ከመጣ ግን ያው አውቶቡስ በ20 ደቂቃ ይሞላል። «እስኪሞላ» የሚለው ሥርዓት ትንሽ መኪናን የሚወደው ለዚህ ነው፤ አንዳንዴ የሹፌሩ ስግብግብነት እናደርገዋለን እንጂ ሂሳቡ ራሱ ነው የሚገፋው።

በሰዓት የሚሄድ ከሆነስ? አውቶቡሱ በየ30 ደቂቃው ቢነሣ አሥር ሰው ይዞ ይሄዳል፤ ማንም ከግማሽ ሰዓት በላይ አይጠብቅም። ሰዓቱን የሚያውቅ ደግሞ ቡናውን ቤቱ ጠጥቶ ይመጣል። ግን 50 ወንበር ባዶ ነው። የባዶውን ወንበር ነዳጅ ማን ይክፈል? የከተማ ትራንስፖርት ታሪክ ከ1662 ጀምሮ እስከ ዛሬ የሚሽከረከረው በዚህች ጥያቄ ዙሪያ ነው።

የፓስካል ሠረገላዎች መጀመሪያ ሰው ተሻማባቸው። ነገር ግን የፓሪስ ፍርድ ቤት ወታደሮች፣ ሎሌዎችና የእጅ ሥራ ሰዎች እንዳይሳፈሩ ከለከለ። አስቡት፤ ብዙ የሚሄደውን ሰው ከልክሎ ወንበር ማን ሊሞላ ነው? ፓስካል በዚያው ዓመት ነሐሴ ውስጥ በ39 ዓመቱ ሞተ፤ አገልግሎቱም ከዓመታት በኋላ ከሰመ። ሐሳቡ ለረጅም ዘመን ተኛ።

የነቃው እዚያው ፈረንሳይ፣ ናንት በምትባል ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1826 ስታኒስላስ ቦድሪ የሚባል ሰው ከከተማው ወጣ ብሎ ሞቅ ያለ ውኃ መታጠቢያ ቤት ነበረው፤ ደንበኞቹን የሚያመላልስ ሠረገላም አቆመ። ሰዎቹ ግን መታጠቡን ትተው መሳፈሩን ወደዱ! ሠረገላው «ኦምኒቡስ» ተባለ፤ በላቲን «ለሁሉም» ማለት ነው። በኋላ ሰው ቃሉን እያሳጠረ መጨረሻውን ብቻ አስቀረ፤ እሱም «ለ» የሚለውን ፍች የሚሰጠው ጭራ ነው። ስለዚህ «ባስ ልሳፈር» ስትሉ በጥሬው «ለ ልሳፈር» ማለታችሁ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ኦምኒቡስ ፓሪስ ገባ፤ በ1829 ለንደን። በ1863 ለንደን ባቡሩን ከመሬት በታች አስገባችው፤ ያውም በእንፋሎት፣ ጭሱ ዋሻ ውስጥ እየታፈነ።

ወደ አዲስ አበባ እንመለስ። ከጅቡቲ የተነሣው 784 ኪሎ ሜትር የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1917 ሸገር ደረሰ፤ ጣቢያውን ፈረንሳዮቹ «ላ ጋር» ሲሉት የከተማው ሰው «ለገሃር» አለው። በከተማው ውስጥ ግን በየቀኑ ሰው የሚያመላልስ አውቶቡስ የመጣው ከጣሊያን ወረራ በኋላ ነው። አንበሳ በ1930ዎቹ አጋማሽ (በእኛ አቆጣጠር) ሥራ የጀመረው ጣሊያን ጥሏቸው በሄደ ጥቂት መኪናዎች ነበር። አንበሳ ቁጥርና መስመር አለው፤ ሳይሞላም ይሄዳል፤ የፓስካል ልጅ ነው። ጎን ለጎን «እስኪሞላ» የሚሉት መጡ፦ ሰይቼንቶ፣ ሰው ፊት ለፊት ተፋጥጦ ስለሚቀመጥበት በአብዮቱ ዘመን «ውይይት» የተባለው፣ በኋላም ሚኒባሱ።

የአንበሳ ችግር አንዳንዴ ባዶ ወንበር ሳይሆን መንገዱ ነው። በየ10 ደቂቃው አንድ አውቶቡስ ቢመጣ በአማካይ 5 ደቂቃ ትጠብቃላችሁ። መንገድ ተዘጋግቶ ሁለቱ ተከታትለው በየ20 ደቂቃው ቢመጡ፣ የአውቶቡሱ ቁጥር ሳይቀንስ የእናንተ ጥበቃ 10 ደቂቃ ይሆናል። መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ይህን ሊፈታ ነበር የመጣው፦ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ የራሱ ሐዲድ፣ ሁለት መስመር፣ 41 ባቡር። ከአያት ጦር ኃይሎች ያለ መኪና ግፊያ መሄድ ይቻላል። ቀስ በቀስ ግን ብዙዎቹ ባቡሮች በመለዋወጫ እጥረት ቆሙ። ባቡር ሲያንስ የሚቀንሰው ወንበር ብቻ አይደለም፤ በባቡርና በባቡር መካከል ያለው ጊዜ ይረዝማል፤ ሰውም ወደ «ሁለት ሰው!» ይመለሳል።

አንድ ነገር ይቀረኛል። በዚያ የመጀመሪያ ጉዞዬ ከገለጉ ወጥተን ብዙም ሳንርቅ አንዲት እናት የታመመ ልጅ አዝላ መንገድ ዳር ቆማ እጇን ዘረጋች። ረዳቱ በመስኮት እጁን አወዛወዘ፤ ሞልቷል። አለፍናት። ከላይ ባሰላሁት አማካይ ውስጥ እሷ የለችም፤ ሞልቶ የሚነሣ መኪና መንገድ ላይ ለቆመ ሰው ሰዓት የለውም።

በኋላ፣ ትምህርቱን ስማር፣ ያንኑ ሂሳብ ደጋግሜ ሠራሁት። በየ3 ደቂቃው አንድ ሰው በሚመጣበት መናኸሪያ፣ 12 ሰው የሚይዘው ሚኒባስ ሞላም አልሞላም በየ30 ደቂቃው ቢነሣ አሥር ሰው ይዞ ይወጣል። ባዶ የሚቀረው ሁለት ወንበር ነው። የሁለቱ ወንበር ዋጋ ለአሥሩ ቢካፈል እያንዳንዱ ተሳፋሪ የታሪፉን አንድ አምስተኛ ይጨምራል። ሁለት ሰዓት ተኩል ከተቀመጥኩ በኋላ እኔን ቢጠይቁኝ እከፍል ነበር።